ስንት ሮጥሽ?

ልብስ ሰፊዋ በሃምሳ አንድ ዓመቷ መሮጥ የጀመረችው ሩጫ ወዳ አይደለም። ሩጫን ከልጅነቷ ጀምሮ ዓይንህን ላፈር ብላዋለች። ተማሪ ሳለች የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ሆዴን አመመኝ ብላ ጥላ ሥር ትቀመጥ ነበር፤ አድጋም አውቶቡስ ሲያመልጣት ሌላው እስኪመጣ ቆማ ትጠብቃለች እንጂ አትከተልም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የደንብ ልብስ በሚሰፋበት አዳራሽ ተቀምጣ ኮሌታ ሰፍታለች። ከወገቧ በታች ቀኑን ሙሉ የሚንቀሳቀሰው የቀኝ እግሯ ብቻ ነው፤ እሱም የስፌት መኪናዋን ፔዳል ለመርገጥ።

ለዚህ ያበቃት ሐኪሙ ነው። ታናሽ ወንድሟ ሰዓት ሠሪው ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው፣ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየተኛ ደሙ በማሽን ይታጠብለታል። እሷ ይህን እንደሰማች «የኔን ውሰዱ» ብላ እጅጌዋን ሰብስባ ቀረበች። ሐኪሙ ሚዛን ላይ አወጣት፤ ግፊቷን ለካ፤ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«እናቴ፣ በዚህ ክብደትና በዚህ ግፊት እርስዎን ቀዶ ጥገና ክፍል ማስገባት አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል ነው» አላት። «አሥራ ሁለት ኪሎ ይቀንሱ። ግፊትዎም ይውረድ። ከአራት ወር በኋላ ይምጡ። የወንድምዎ ልብ ለጊዜው ደህና ነው፣ ቀዶ ጥገናውን ይችለዋል። እንዲህ ሆኖ ለዘላለም አይቆይም እንጂ።»

ደሟንም ቀዱ። ከወንድሟ ጋር ይስማማ እንደሆነ የሚያሳየው ምርመራ ሌላ ቦታ ተልኮ ሦስት ሳምንት እንደሚፈጅ፣ ውጤቱንም ወንድሟ ለእጥበት ሲመጣ በእጁ እንደሚሰጡት ነገሯት። «የአንድ እናትና የአንድ አባት ልጆች ነን፣ እንዴት አይስማማም?» አለችና ያንን ነገር ከዚያ ወዲያ አላሰበችውም። ያሳሰባት ነርሷ የሰጠቻት ወረቀት ነው። አንድ ደቂቃ ሩጫ፣ ሁለት ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ ይላል የመጀመሪያው መስመር። የመጨረሻው ደግሞ ሠላሳ ደቂቃ ሳይቆሙ ይላል። ሠላሳ ደቂቃ! ወረቀቱ ለሌላ ሰው ተጽፎ በስህተት እሷ ዘንድ የመጣ መሰላት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መነገር አለበት። እህትና ወንድም ሆድና ጀርባ ከሆኑ ስድስት ዓመት አልፏቸው ነበር። እናታቸው የምትኖረው ከሰዓት ሠሪው ጋር ነበር። የመጨረሻው ሕመም ሲይዛት ልጁ አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ለእህቱ ሳይነግር ቆየ። ስልክ በደወለች ቁጥር «ደህና ናት፣ ተኝታለች» ይላታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን «ነይ» ብሎ ሲጠራት፣ እናቷ ፊቷ በአንሶላ ተሸፍኖ አገኘቻት። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው እትዬ» አላት። እሷም «ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም» ብላ ወጣች። በአሥር ዓመት የምትበልጠው፣ እንደ እናት አዝላ ያሳደገችው፣ አርባ ዓመት አልፎትም «ማሙሽ» የምትለው ወንድሟን ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይኑን አላየችም። መታመሙን የነገራት የአክስታቸው ልጅ አውቶቡስ ነጂው ነው።

«ይቅር አልሽው ማለት ነው?» ብሎ ጠይቋት ነበር ነጂው፣ ልትመረመር መሆኑን ሲሰማ።

«ኩላሊቴን እሰጠዋለሁ እንጂ ይቅርታዬን አልሰጠውም» አለችው።

መጀመሪያ ሆስፒታል ሄዳ ያየችው ቀን ብዙ አልተነጋገሩም። ከአልጋው ጎን ቱቦው ውስጥ ደሙ ሲሄድና ሲመለስ እያየች ስለ ወረቀቱ ነገረችው። «ደቂቃውን በምን ትለኪዋለሽ?» አላት። በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤቱ ሊያሠራው ትቶ ሳይመለስለት የቀረ አሮጌ የሩጫ ሰዓት ይዞላት መጣ። ክብ፣ በእጅ የሚሞላ፣ አናቱ ላይ ያለው ጉጥ ሲጫን የሚነሳና የሚቆም ነው። ሳታመሰግነው ተቀብላ ኪሷ ከተተችው።

የመጀመሪያውን ቀን ሩጫ ባታነሱባት ትወዳለች። ከአዳራሹ ጀርባ የትምህርት ቤት ሜዳ አለ፤ ዘበኛው ተማሪዎቹ ከመምጣታቸው በፊት በሩን ሊከፍትላት ተስማምቷል። ጉጡን ተጫነች፤ ተነሳች። ጡቷ ወዲያ፣ ሆዷ ወዲህ፣ ጫማዋ ደግሞ ተረከዟን እየለቀቀ ጥፍ ጥፍ ይላል። የሜዳውን አንድ ጎን ሳትጨርስ ልቧ ጉሮሮዋ ላይ ወጣ። ዘበኛው ከበሩ ላይ «እህቴ፣ ማንም አልተከተለሽም እኮ፣ ቀስ በይ!» ብሎ ጮኸ። ሰዓቱን ስታየው አንድ ደቂቃ ሞልቷል። ማመን አቃታት፤ ግን ሞልቷል። እርምጃውን ተራመደች፣ እንደገና ሮጠች። ስምንት ጊዜ ስትጨርስ የግቡን ብረት አቅፋ አስታወከች።

በዚያው ቀን ከሥራ በኋላ ሆስፒታል ሄደች። ማሙሽ ከትራሱ ቀና ብሎ «ስንት ሮጥሽ?» አላት።

«ስምንት ደቂቃ። ሁሉም ሲደመር።»

«ስምንት!» አለ፣ ሰው ተራራ ወጥቶ የመጣ ይመስል። እሷም ፊቷን አዙራ ደስ አላት። ለዚህ ሰው ደስታዋን ማሳየት ስላልፈለገች ነው ያዞረችው።

ከዚያ ወዲያ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ፣ እሱ ለእጥበት በሚተኛባቸው ቀናት፣ እሷ ከአልጋው አጠገብ ካለው ወንበር አትጠፋም። መጀመሪያ ወሬያቸው ከ«ስንት ሮጥሽ?» አያልፍም ነበር። አሥራ ሁለት። አሥራ አራት። ከዚያ ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ጫማዋ፣ በየማለዳው አዲስ ምክር ስለሚፈለስፍላት ዘበኛ መጣ። ሰዓቱንም በየቅዳሜው «ላብ ይገባበታል፣ ልወልውለው» እያለ ይወስድና ማክሰኞ ይመልስላታል። ከአዳራሹ ደግሞ ወሬ አይጠፋም። ጨርቅ ቆራጩ «ሻምፒዮን መጣች፣ መንገድ ልቀቁ!» ይላል። ቁልፍ የምትተክለው ጓደኛዋ የሥራ ልብሷን ወገብ ሁለት ጊዜ አጠበበችላት። ይህን ሁሉ ስትነግረው ማሙሽ ይስቃል። የሳቁን ድምፅ ረስታው እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው።

በአምስተኛው ሳምንት ጉልበቷ አበጠ፣ ዝናብም ጀመረ። ሦስት ቀን አልሮጠችም። በሦስተኛው ቀን ሆስፒታል ገብታ ገና ሳትቀመጥ «በቃኝ፣ አልችልም፣ ሌላ መላ ይፈለግ» አለች። ማሙሽ ፊቱ አመድ መሰለ። ቱቦ ባልተሰካበት እጁ እጇን ያዘ።

«አንድ ደቂቃ ብቻ እትዬ» አላት። «ነገ አንድ ደቂቃ ሩጪና ተመለሽ። ከዚያ መጥተሽ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልጠይቅሽም።»

ሞትን ፈርቶ ነው ብላ አንጀቷን በላት። በማግስቱ ዝናቡ ላይ ወጥታ አንድ ደቂቃ ሮጠች፤ ከወጣች አይቀር ብላ አምስት አደረገችው።

በሰባተኛው ሳምንት አውቶቡስ ነጂው በምሳ ሰዓት አዳራሹ ድረስ መጣ። ከባልደረቦቿ ራቅ አድርጎ «እኔም ልመርመር ብዬ አስቤያለሁ» አላት። «ያንቺ ባይሆን መጠባበቂያ ይሆናል።»

እሳት ጎረሰች። «ይኼን ሁሉ ሳምንት በጭቃ የተንደባለልኩት ለጌጥ ነው? ቦታው ተይዟል፣ ሂድ መኪናህን ንዳ!»

«ለክፋት እኮ አይደለም።»

«አውቃለሁ። እኔ አለሁለት።»

ነጂው ትከሻውን ሰበቀ። ማሙሽንም ጠይቆት ኖሯል፤ እሱም «እትዬ አለችልኝ» ብሎ መልሶታል። ነገሩ በዚሁ ተዘጋ። ዛሬ ያቺን ምሳ ሰዓት ስታስታውስ ምላሷን መንቀል ያምራታል።

በዘጠነኛው ሳምንት ቆራጩ ሲያሾፍ «እስቲ ይቺን የሻምፒዮን ሰዓት እንያት» ብሎ የሩጫ ሰዓቷን ከአዳራሹ የግድግዳ ሰዓት ጋር እኩል አስነሳት። የግድግዳው አሥር ደቂቃ ሲቆጥር የእሷ አሥራ አንድ ተኩል ሆኖ ተገኘ። አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። እሷ ግን ዓይኗ ደም ለብሶ ነው ሆስፒታል የደረሰችው።

ማሙሽ ከት ብሎ ሳቀ። ሳቁ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። ከዚያ ተናዘዘ። መጀመሪያ ሲሰጣት ውስጡን ነካክቶ አርባ ሰከንዱን አንድ ደቂቃ አድርጎት ነበር። በየቅዳሜው ልወልውለው እያለ ሲወስደው ጥቂት ጥቂት እያዘገየ ወደ ትክክለኛው ያመጣዋል፤ ገና አልጨረሰም እንጂ።

«የመጀመሪያ ቀን አርባ ሰከንድ ላይ ቆመሽ 'አንድ ደቂቃ እንኳ አልቻልኩም' ብትይ፣ ትተሽው ትሄጂ ነበር» አላት። «አውቅሻለሁ እኮ።»

ልትቆጣው አፏን ከፍታ ሳቅ አመለጣት። በስድስት ዓመት ውስጥ አብረው የሳቁት ያን ቀን ነው። ነርሷ ሳይቀር መጥታ አየቻቸው። ሳቁ ሲበርድ ልብስ ሰፊዋ ጣቷን ቀስራ «ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?» አለችው።

«የለም» አለ፣ ሰዓቱን እያገላበጠ።

«እንግዲያው አስተካክለህ ስጠኝ። ከእንግዲህ እውነተኛ ደቂቃ ነው የምፈልገው።»

አስተካክሎ ሰጣት። ሃያ ሁለት የነበረው ሩጫዋ አሥራ ዘጠኝ ሆነ። አልከፋትም። ከአሥራ ዘጠኝ ተነስታ እየጎተተች ሃያ አምስት፣ ከዚያ ሃያ ስምንት አደረሰችው። ሃያ ስምንት ላይ እግሯ ይታሰራል። ሠላሳ የሚባለው ነገር ከአጥር ወዲያ ያለ ይመስል አልደፈር አላት። ሆኖም አሥራ ሦስት ኪሎ ወርዳለች፤ ደረጃ ስትወጣ አታለከልክም፤ አንድ ማለዳ እንዲያውም ዘበኛው ሻይ ሊገዛ በሩን ዘግቶባት ሄዶ፣ እሷ በር መዘጋቱን ሳታውቅ ስትሮጥ ቆየች። ይታያችሁ፣ ያቺ ሆዴን አመመኝ ባይ!

የቀጠሮው ቀን ረቡዕ ነበር። ለወንድሟ ውጤቱን ይዛ በድንገት ልትደርስበት ፈልጋ ቀኑን አልነገረችውም። ነርሷ ሚዛን ላይ አወጣቻት፣ ግፊቷን ሁለት ጊዜ ለካች፣ «እናቴ፣ እርስዎ ጉደኛ ነዎት!» ብላ አቀፈቻት። ልብስ ሰፊዋ እንደ ሙሽራ ተሽኮርምማ ሐኪሙ ፊት ተቀመጠች። ሐኪሙ ፋይሉን ገለጠ። አንድ ገጽ አየ፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ሌላ ገጽ አየ።

«ማን ነው ዛሬ ይምጡ ያለዎት?» አላት።

«እርስዎ ነዎታ! ከአራት ወር በኋላ ብለውኝ።»

«የደሙ ውጤት እኮ ከመጣ ሦስት ወር አለፈው» አለ ቀስ ብሎ። «አይስማማም። ሰውነቱ የእርስዎን ኩላሊት አይቀበለውም። ሌላ ሰጪ በቶሎ ፈልጉ ብለን ጽፈን ለወንድምዎ ሰጥተናል።» ፋይሉን ወደ እሷ አዞረላት። «ፈርሞ የወሰደበት ይኸውና።»

ፊርማውን ታውቀዋለች። እርሳስ አያያዝ ያስተማረችው እሷ ናት። «የአክስታችን ልጅ አለ» አለች፣ ቃላቱ እየተደናቀፉባት። «ጤነኛ ነው፣ ራሱ ልመርመር ብሎ ነበር፣ ዛሬውኑ አመጣዋለሁ።»

ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ። «ባለፈው ሳምንት የወንድምዎን ልብ አይተነዋል። ደክሟል። ከእንግዲህ ቀዶ ጥገናውን አይችለውም። ለእሱም ነግረነዋል።» «ያኔ ቢሆን ኖሮ…» ብሎ ጀመረና ተወው።

የሰዓት ሠሪው ሱቅ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ላይ ተሠርተው ያላለቁ ሰዓቶች ሁሉም የየራሳቸውን ሰዓት ይናገራሉ። ማሙሽ ማጉያ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንደሰካ ቀና ሲል አየችው። የሩጫ ሰዓቱን ባንኮው ላይ አስቀመጠች።

«ደብዳቤው የት አለ?»

አላታለላትም። መሳቢያውን ከፈተ። የጥቃቅን ብሎኖች ጣሳ ሥር በአራት ታጥፎ ተቀምጧል። አውጥቶ ከሰዓቱ አጠገብ አኖረው።

«ለምን?» አለችው።

«መምጣትሽን ታቆሚያለሽ ብዬ።»

«ምን?»

«ስድስት ዓመት ደጄን አልረገጥሽም እትዬ። የመጣሽው በኩላሊቴ ነው። 'ኩላሊቴን እሰጠዋለሁ እንጂ ይቅርታዬን አልሰጠውም' ማለትሽን ነግሮኛል ነጂው። ኩላሊትሽ አይሆንም ካሉ ምን ይዤ ላስቀርሽ?» ማጉያውን አወለቀ፤ ዓይኑ ዙሪያ ክብ ምልክት ትቷል። «ደብዳቤውን ሲሰጡኝ ማታ ስትመጣ እነግራታለሁ አልኩ። ስትመጪ አሥራ አራት ሮጥኩ አልሽኝ። ፊትሽ አበራ። በሚቀጥለው ቀን እነግራታለሁ አልኩ። እንዲያ እንዲያ እያለ…»

«እማዬንም እንዲሁ ነው ያደረግከኝ።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም! ብታውቅ አትደግመውም ነበር!» ድምጿ ከሱቁ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። «ያ ልጅ ልመርመር ብሎ ሥራ ቦታዬ ድረስ ሲመጣ አባረርኩት። እኔ ነኝ ያባረርኩት፣ በዚህ አፌ! አንተ ዝም ብለህ እኔን ገዳይህ አደረግከኝ።»

አንገቱን ደፋ። ግድግዳው ላይ ያሉት ሰዓቶች ግን ዝም አላሉም።

ወጣች። መጀመሪያ ትራመድ ነበር፤ መቼ መሮጥ እንደጀመረች አታውቅም። ቦርሳዋን ብብቷ ሥር ሸጉጣ፣ በሥራ ጫማዋ፣ በቀጠሮ ልብሷ ሮጠች። ሰው እየዞረ ያያታል። አንድ ሽማግሌ ሌባ የነጠቃት መስሎት «የቱ ነው? በየት ሄደ?» ብሎ ጥቂት ተከተላት። በገበያው መሃል አለፈች፣ ድልድዩን ተሻገረች፣ እሷ በእግሯ ሃምሳ ደቂቃ በምትጨርሰው መንገድ ላይ፣ ሩጫውን ከጀመረች ወዲያ አንዲት እርምጃ እንኳ አልተራመደችም። ዳገቱ ላይ እግሯ እንደልማዱ ሊታሰር ሲል እናቷን አሰበች፤ አንሶላውን አሰበች፤ እግሯ ተፈታ።

በሯ ላይ ስትደርስ ቁልፏን እየፈለገች አንድ ነገር ትዝ አላት። አልቆመችም። ከሱቁ እስከ ቤቷ አንዴም አልቆመችም። እጇ ወደ ኪሷ ሄደ፤ ሰዓቱ የለም፤ ባንኮው ላይ ትታዋለች። ስንት ደቂቃ እንደሮጠች መቼም አታውቀውም። ወዲያው ደግሞ ከልቧ የወጣው ሐሳብ «ለማሙሽ ልንገረው» የሚል ሆነ። ከሁሉም ያንገበገባት ይህ ነው። ደፉ ላይ ተቀምጣ በጉልበቶቿ መሃል ራሷን ቀብራ አለቀሰች።

ሐሙስ አልሄደችም። ቅዳሜም አልሄደችም። በማለዳም አልሮጠችም፤ ዘበኛው በሩን ከፍቶ ጠብቆ ጠብቆ ዘጋው። ኮሌታ ሰፋች፣ ፈታች፣ እንደገና ሰፋች። ቆራጩ እንኳ ሻምፒዮን ሊላት አልደፈረም። ቅዳሜ ማታ አውቶቡስ ነጂው ደውሎ «ሲያይ የዋለው በሩን ነው» አላት። ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጋችበት።

ማክሰኞ ከሥራ በኋላ እግሯ ወደ ሆስፒታሉ ወሰዳት። ማሙሽ ከትራሱ ቀና አለ። በስድስት ቀን ውስጥ ፊቱ አጥንት ብቻ ሆኗል። አፉን ከፈተ፤ «ስንት» ሊል እንደሆነ ገባት፤ እሱም ገብቶት አፉን መልሶ ዘጋው።

«ይቅር ብዬህ አይደለም የመጣሁት» አለችው ቆማ።

«አውቃለሁ።»

«አልልህም፣ ገና ብዙ ጊዜ አልልህም።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

ከትራሱ ሥር የሩጫ ሰዓቱን አውጥቶ ዘረጋላት። ተቀበለችው። የወለወለው ይመስላል፤ መስታወቱ ላይ የጣት አሻራ እንኳ የለበትም። ጥቂት ጊዜ መዳፏ ላይ አየችው፤ ከዚያ ዓይኗን አንስታ፣ እሱ አራት ወር ሙሉ እሷን እንደጠየቃት እሷ ጠየቀችው።

«ስንት አሉህ?»

ማሽኑን አየ። ቱቦውን አየ። ከዚያ እሷን አየ።

«ስድስት ወር» አለ። «ቢበዛ ሰባት።»

«እውነተኛ ወር ነው ወይስ አንተ የነካካኸው?»

«እውነተኛ ነው፣ እትዬ።»

ራሷን ነቀነቀች። የዚያን ቀኑ እጥበት እስኪያልቅ ገና ከሁለት ሰዓት በላይ ይቀረው ነበር። ወንበሯን ወደ አልጋው ስባ ተቀመጠች።